የግራ ጫፍ በርጩማ

አንድ ቆጣሪ የከበሮ መምቻውን ጨብጦ፣ አንገቱን ወደ ቀኝ ጠምዝዞ፣ ከጎረቤቱ አፍ የምትወጣ አንዲት ቃል እየጠበቀ ነው። ከእግሩ ስር ገደል አለ። ከገደሉ ስር ወንዝ፣ ወንዙ ዳር ደግሞ የገዛ ቤቱ። ቤቱ ውስጥ ሚስቱ የአሥራ ሁለት ቀን አራስ ናት። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም።

«ኧረ ቢሻው፣ በል እንጂ!»

«ምን ልበል?» አለ ቢሻው፣ በቀኙ የተቀመጠው ጓደኛው። «ለእኔስ መቼ ተነገረኝ? እኔም እንዳንተው አንገቴ ሊቀነጠስ ነው።»

የቆጣሪው ስም ላቀው ነው። የሚጠብቀው ነገር ምን እንደሆነ እንዲገባህ መጀመሪያ አቀማመጣቸውን ልንገርህ።

የዚያ አገር ንጉሥ ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ግድብ አሠርተዋል። ግድቡ የሚችለው ውኃ ልክ አለው፤ በእንስራ ሲቆጠር ከስምንት አሃዝ ማለፍ የለበትም። ክረምት ሲገባ፣ ከላይ በሁለቱ ወንዞች ዳር የቆሙ ሁለት ለኪዎች የሚመጣውን ውኃ በእንስራ ይለኩና ቁጥሩን እየጮኹ ይጠራሉ፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይከተላል። ከግድቡ አጠገብ ካለው ዓለት ላይ ስምንት ቆጣሪዎች በመደዳ ተቀምጠዋል፤ ዓለቱ መሃል ላይ ስለሚታጠፍ አራቱ ከመታጠፊያው ወዲህ፣ አራቱ ወዲያ ናቸው። በቀኝ ጫፍ ያለው የአንድ ቤትን ይይዛል፣ ቀጥሎ ያለው የአሥር ቤትን፣ ከዚያ የመቶ ቤትን፣ እንዲህ እያለ እስከ ስምንተኛው ይደርሳል። እያንዳንዱ ሰው ከሁለቱ ለኪዎች የራሱን ሁለት አሃዝ ሰምቶ በጠጠር ይደምራል። ድምሩ ከዘጠኝ ካለፈ በግራው ላለው ሰው «አንድ በእጅ!» ይለዋል። ካላለፈ «ባዶ እጅ!» ይለዋል። ያኛው የተነገረውን በራሱ ላይ ጨምሮ ደግሞ ለግራው ያቀብላል።

ላቀው የመጨረሻው ነው። ከእሱ በግራ ሰው የለም፤ ከበሮው ብቻ ነው ያለው። እሱ ጋ ደርሶ የሚተርፍ አንድ ካለ ውኃው ከግድቡ በላይ ሆኗል ማለት ነው። ያኔ ከበሮው ይመታል፣ የታችኛው መንደር ሰው ወደ ኮረብታው ይሮጣል፣ ውኃውም ከግድቡ አናት ዘሎ ይወርዳል።

አሁን ነገሩን እየው። ቁጥር የሚጠራው ከትልቁ ቤት ጀምሮ ስለሆነ አሃዙን ከሁሉ ቀድሞ የሚያገኘው ላቀው ነው። ከሁሉ በኋላ የሚናገረውም ላቀው ነው። በመሃል ያለው ጊዜ በሙሉ የእሱ ጭንቀት ነው።

ደግሞ ደንብ አለ። «ቀኝህ ሳይናገር አትናገር» ይላል። በቀኝ ጫፍ የተቀመጡት ታላቃቸው፣ አለቃ ወልደየስ፣ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ወደ ግራ በሄድክ ቁጥር ዕድሜው እየቀነሰ ይመጣል። ስለዚህ ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አፉን አይከፍትም። የተነገረው ሰው ከበርጩማው ይነሳል፣ እጅ ይነሳል፣ «ተቀብያለሁ» ይላል፣ ይቀመጣል፣ ከዚያ ገና ጠጠሩን ማንሳት ይጀምራል። ይኸ ሁሉ ሰባት ጊዜ!

በዚያ ቀን ቃሏ ላቀው ጋ ስትደርስ «አንድ በእጅ» ሆና ደረሰች፤ በያዘው ዘጠኝ ላይ ስትጨመርም ተረፈች። ከበሮውን እንደ እብድ ደበደበው። መንደሩ ሮጠ፤ ጎረቤቶች አራሷን በቃሬዛ አወጧት። ውኃው ግን የሮጠውን ሁሉ አልጠበቀም፤ አንዲት ብቸኛ ሸክላ ሠሪን ከነጎጆዋ ይዟት ሄደ።

በማግስቱ ንጉሡ ራሳቸው ዓለቱ ላይ ወጡ።

«ስምንት ሰው ሁለት ቁጥር ለመደመር ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?» አሉ።

«ጃንሆይ፣ መላ አለን» አሉ አለቃ። «ለየቤቱ ሁለት ሁለት ሰው ይቀመጥ። አንዱ ‹አንድ በእጅ ቢመጣ› ብሎ ይደምር፣ ሌላው ‹ባዶ እጅ ቢመጣ› ብሎ ይደምር። ቃሉ ሲመጣ ሁለቱም መልሶች ተሠርተው ይቆያሉ፤ አንዱን መምረጥ ብቻ ነው። ሥርዓቱም አይነካም።»

ንጉሡ ዓለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ላቀው ጋ ሲደርሱ የበርጩማው አንድ እግር ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር።

«አሥራ ስድስት ሰው የት ላይ ነው የምታስቀምጠው? ዓለቱን እንዳልጠርብ ግድቡ የቆመው በእሱ ነው። የምትፈልገው ፍጥነት ነው፤ የምትጠይቀኝ ግን ቦታ ነው። ቦታ የለኝም። ባላችሁበት ስፍራ፣ ባላችሁ ሰው ልክ ፍጠኑ። ሌላ ሬሳ ከወንዝ ማውጣት አልፈልግም።»

እንዳትስቅ፤ በኪስህ በያዝከው ስልክ ውስጥም ዓይን የማያያቸው እንዲህ ያሉ መደዳ ደማሪዎች አሉ። የሚሠሯቸው ባለሙያዎች ራስ ምታትም ይኸው ነው። ቶሎ ይድረስልኝ ስትል ቦታ ይጠብብሃል፣ ቦታ ልቆጥብ ስትል ወረፋው ይረዝምብሃል።

ላቀው ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ትርንጎ ልጇን ታጠባለች። ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ረጥቧል።

«እናትሽ ጋ ኮረብታው ላይ ብትከርሚስ?» አላት።

«የልጅቷ ሰማንያ ቀን ሳይሞላ፣ ሳትጠመቅ፣ አራስ ልጅ ይዤ የት ነው የምወጣው? ትናንት በቃሬዛ የወጣሁትም ይበቃኛል።» ልጇን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረችና «ደግሞ እኔ የምለው» አለች፣ «ስምንት ወንድ ተሰብስባችሁ ሁለት ቁጥር መደመር አቃታችሁ?»

«መደመሩ አላቃተንም። መጠበቁ ነው የገደለን።»

«ምንድነው የምትጠብቁት?»

እውነትም፣ ምንድነው የሚጠብቁት? ጥያቄዋ አብራው አደረች።

በነጋታው ዝናቡ ጋብ ብሎ ቁጥሩ ትንሽ ነበር። ላቀው እንደ ልማዱ አንገቱን ጠምዝዞ ሲጠብቅ ዓይኑ በቢሻው ጠጠሮች ላይ አረፈ።

«ቢሻው፣ ምን ይዘሃል?»

«የሰው ጠጠር ታያለህ እንዴ አንተ?»

«ንገረኝ እንጂ።»

«አራትና ሦስት።»

«ሰባት። አንድ ቢመጣልህ?»

«ስምንት።»

«ባይመጣልህ?»

«ሰባት። ምን ሆነሃል ዛሬ? ትርንጎ መደመር እንድታስጠና ላከችህ?»

«እንግዲያው ቢመጣም ባይመጣም ለእኔ የምትሰጠኝ ባዶ እጅ ነው። ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ቢሻው ጠጠሮቹን አየ። ላቀውን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አለቃን» አለ።

ላቀውን ከዚያች ሰዓት በኋላ እህል አልወርድ አለው። ጣቶቹን እያጠፈ ሲያሰላ ዋለ። ሁለት አሃዝ ተደምሮ ስምንት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ያ ሰው ምንም ቢነገረው የሚሰጠው ባዶ እጅ ነው። አሥር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ምንም ቢነገረው የሚሰጠው አንድ ነው። ከቀኙ ቃል የሚያስፈልገው ዘጠኝ የያዘ ሰው ብቻ ነው። እሱም የመጣለትን እንዳለ ያሳልፋል፤ አንድ ሲመጣ አንድ፣ ባዶ ሲመጣ ባዶ። ከስምንቱ አብዛኞቹ ታዲያ አሃዛቸው እንደተጠራ ለግራቸው የሚሉትን ያውቃሉ። አውቀውም ዝም ይላሉ።

ወደ አለቃ ሄደ። እጅ ነሳ።

«አለቃ፣ አንድ ነገር ልበልዎ? ሰውም ቦታም አይጨምርም። አሃዙ እንደተጠራ ሁላችንም እጃችንን እናንሳ። ባዶ የሚሰጥ ይጨብጥ፣ አንድ የሚሰጥ መዳፉን ይዘርጋ፣ ዘጠኝ የያዘ እጁን ደረቱ ላይ ያድርግ። እኔ ወደ ቀኝ ስመለከት ደረቱን ያልያዘ የመጀመሪያውን እጅ ካየሁ መልሴን አገኘሁ ማለት ነው። በአንዴ!»

አለቃ በርጩማቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ።

«እኔ ገና ሳልናገር ከመሃል ያለው አያልነህ እጁን ያነሳል? ቢሻው እጁን ያነሳል? አንተም ታነሳለህ?»

«አዎ፣ አለቃ። ግን...»

«ሃምሳ ዓመት እዚህ ተቀመጥኩ። የአለቅነቱን በርጩማ ገና ጎልማሳ ሳለሁ ከአባቴ ወረስኩት። አንድም ቀን ታናሽ ቀድሞን አያውቅም። ትዕግሥት ተማር ልጄ። መጠበቅ ክብር ነው።»

ላቀው እጅ ነስቶ ተመለሰ። ምን ይበል? ሰውዬው ክፉ አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑማ ኖሮ ይቀለው ነበር።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ተቀደደ። የወንዞቹ ድምፅ ተለወጠ፤ ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ ሲወርድ ይታያል። ላቀው ወደ ታች ተመለከተ። የቤቱ በር ተዘግቷል።

የመጀመሪያው ለኪ ጮኸ። «ስድስት! ሦስት! አምስት! ስምንት!...» እያለ እስከ አንድ ቤት ድረስ ወረደ። ላቀው እስከ ዛሬ የሚሰማው የራሱን አሃዝ ብቻ ነበር፤ የሌላው አሃዝ የሌላው ጉዳይ ነው ብሎ። ዛሬ ግን ጆሮው አልዘጋ አለው። ሁለተኛው ለኪ ቀጠለ።

«ሦስት!» ስድስትና ሦስት ዘጠኝ። ይኼ የራሱ ነው፤ መጠበቅ አለበት።

«ስድስት!» ሦስትና ስድስት ዘጠኝ። ቢሻውም የሚጠብቅ ነው።

«አራት!» አምስትና አራት ዘጠኝ። ሦስተኛውም ሰው ያው ነው።

«ሰባት!» ስምንትና ሰባት... አሥራ አምስት።

አራተኛው ሰው አያልነህ ነው። አያልነህ አሥራ አምስት ይዟል። ከቀኙ ምንም ቢመጣ አንድ ይሰጣል። ሦስተኛው ያሳልፈዋል፣ ቢሻው ያሳልፈዋል፣ እሱ ጋ ይደርሳል፣ ከእሱም ይተርፋል። ለኪው ገና አራት አሃዝ ይቀረዋል። አለቃ አሃዛቸውን ገና አልሰሙም። አያልነህ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ጨዋ ሆኖ፣ ወደ ቀኝ እያየ ተቀምጧል።

ላቀው መምቻውን አነሳ። ተሳስቼስ ቢሆን? ዘጠኝ መስሎኝ ስምንት ቢሆንስ? በከንቱ የተመታ ከበሮ ሰው አራስና ሽማግሌ ተሸክሞ በጭቃ ያሮጣል፤ ሁለተኛ ሲመታም ማንም አያምነውም። ጠጠሩን እንደገና ቆጠረ። ስድስት፣ ሦስት። ዘጠኝ።

«ቢሻው፣ ዘጠኝ ነህ?»

«ዘጠኝ ነኝ። ለምን?»

«ከቀኝህ ያለውስ?»

ቢሻው አጮልቆ አየ። «እሱም ዘጠኝ... ኧረ አንተ! ምን ልታደርግ ነው?»

ላቀው ከበሮውን መታ።

ዓለቱ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞረ። አለቃ ከቀኝ ጫፍ «ማነው? ማነው እሱ?» እያሉ ጮኹ። ላቀው አልመለሰም። መታ፣ መታ፣ መታ። ከታች በሮች ተከፈቱ፤ ቃሬዛ ወጣ፤ ሰው እንደ ጉንዳን ኮረብታውን ያዘ። አለቃ ግን አሃዛቸው ሲደርሳቸው ጠጠራቸውን ቆጠሩ፣ በደንቡ ተናገሩ፤ ቃሉም እየተነሳ፣ እጅ እየነሳ፣ እየተቀመጠ መጣ። ቢሻው ዘንድ ሲደርስ «አንድ በእጅ» ነበር። ቢሻው ተነሳና ለላቀው «አንድ በእጅ» አለው፣ እንባውና ዝናቡ ተደባልቆ። ያኔ ውኃው የመንደሩን ጣራዎች ካለፈ ቆይቷል። ከጣራዎቹ ስር ግን አንድም ሰው አልነበረም።

አለቃ ወደ ንጉሡ ሄደው ከሰሱ።

«ሥርዓት ተደፈረ፣ ጃንሆይ።»

«ከበሮው ተሳስቶ ነው የተመታው?»

«አልተሳሳተም። ነገር ግን ቀድሞ ተመታ።»

«ከማን ቀድሞ?»

«ከእኔ።»

«እኔ ደግሞ ከውኃው ቀድሞ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ ንጉሡ። ቀጥለውም «አለቃ፣ አልፈርድብህም፣ ለእሱም አልፈርድለትም። በሚቀጥለው ዝናብ የላቀው በርጩማ ላይ ተቀመጥ። ላቀው ያንተ ላይ ይቀመጥ። እዚያ ሆነህ የፈረድከውን እቀበላለሁ» አሏቸው።

«በደንቡ መሠረት ይሁንልኝ» አሉ አለቃ። «ማንም እጁን አያንሳ።»

«በደንቡ ይሁን።»

መንደሩ ውኃው ሲጎድል ተመልሶ ነበር። ከሳምንት በኋላ ዝናቡም ተመለሰ። አለቃ ወልደየስ በሃምሳ ዓመት ሥራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በግራ ጫፍ ተቀመጡ። በቀኝ ጫፍ የተቀመጠ ሰው ፊት ለፊቱ የዓለት ግድግዳ ነው የሚያየው። ከግራው በርጩማ ግን መንደሩ በሙሉ ይታያል፤ ጣራው፣ ተሰጥቶ በዝናብ የራሰው ጨርቅ፣ እየዳኸ ከደጅ የወጣ ሕፃን። አንዲት አራስ በሯ ላይ ቆማ፣ ልጇን አቅፋ፣ ወደ ከበሮው ታያለች። ወደ እሳቸው ማለት ነው።

ቁጥሩ ተጠራ። አለቃ አራትና አምስት ደረሳቸው። ዘጠኝ። ቢሻውን አዩት፤ እሱም ዘጠኝ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ዘጠኝ። ጠበቁ። ወንዙ ይጮሃል። አንገታቸውን ወደ ቀኝ ጠመዘዙ። ከአያልነህ ባሻገር ዓለቱ ስለሚታጠፍ የቀሩት አራቱ አይታዩም። ሴትየዋ ከበሯ አልተነቃነቀችም። መምቻውን አነሱ፣ መልሰው አወረዱ። ልምታ? አልምታ? አንድ ሰው ከመታጠፊያው ወዲያ «ተቀብያለሁ» ሲል ተሰማቸውና ይህን ቃል ረገሙት። ሰባት ጊዜ የሚባል ቃል ነው፤ ራሳቸው ያስተማሩት።

«ቢሻው!» አሉ አለቃ። «በል እንጂ!»

«ለእኔም አልተነገረኝም፣ አለቃ» አለ ቢሻው በትሕትና።

በመጨረሻ ቃሉ ደረሰ። «ባዶ እጅ።» ከበሮው አልተመታም። መንደሩ ደህና ነበር። አለቃ መምቻውን ሲያስቀምጡ ጣቶቻቸው አልዘረጋ አሏቸው። ተነሥተው ቀጥታ አያልነህ ጋ ሄዱ።

«ምን ይዘህ ነበር አንተ?»

«ሁለትና አንድ፣ አለቃ።»

«ሦስት። ምንም ቢነገርህ የምትሰጠው ባዶ እጅ ነበር?»

«አዎ፣ አለቃ።»

«ይህን ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?»

«አሃዜ ከተጠራ ጀምሮ።»

«እና እኔ እዚያ ነፍሴ ስትወጣ እያየህ ለምን አልነገርከኝም?»

አያልነህ መሬት መሬት አየ። «እርስዎ አልተናገሩም ብዬ... ይቅርታ፣ ዛሬ ላቀው አልተናገረም ብዬ። ደንቡን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

አለቃ የግራውን በርጩማ ለላቀው መለሱ። በማግስቱ ስምንቱም አሃዝ ሲጠራ እጃቸውን እንዲያነሱ ራሳቸው አዘዙ፤ መነሳትና እጅ መንሳት ከሥራ በኋላ ይሁን አሉ። አንድ ነገርም ጨመሩ። ከመታጠፊያው እስከ ከበሮው፣ ከአራቱ ሰዎች ጀርባ፣ ገመድ አስዘረጉ፤ ጫፉ ላይ ቃጭል አሰሩበት። «ከመታጠፊያው ወዲህ ያላችሁት አራታችሁም ዘጠኝ ስትሆኑ» አሉ፣ «ከወዲያ የመጣው በአራት አፍ የሚዞርበት ምክንያት የለም። አንድ በእጅ ከሆነ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለው ሰው ገመዱን ይሳብ፤ ዝም ብሎ ይለፋችሁ። ገመድ ቦታ አይፈጅም።»

ከዚያ ወዲያ ከበሮው ዘግይቶ አያውቅም።

ላቀው ወደ ቤቱ ሊወርድ ሲል አለቃ ከኋላው ጠሩት። ቆመ። ሽማግሌው ቀስ ብለው መጥተው እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉ።

«ላቀው፣ ልጄ» አሉት፣ «ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስለ መጠበቅ ሳስተምር አንድ ቀን እንኳ ጠብቄ አላውቅም ነበር። በቀኝ ጫፍ የተቀመጠ ሰው የሚጠብቀው ማንም የለውም፤ ለዚህ ነው መጠበቅ ክብር የሚመስለው። ዘጠኝ የያዘ ይጠብቅ፣ ምንም አማራጭ የለውም። መልሱን በእጁ የያዘ ግን ዝም ካለ ዝምታው ጨዋነት አይባልም፤ የሌላውን ሰው ዕድሜ መብላት ነው። አንተም ነገ ትሸመግላለህ፤ ወደ ቀኝ ትመጣለህ፤ ግድግዳ ብቻ ማየት ትጀምራለህ። እንግዲህ አሁን ስትወርድ መንገድ ላይ ይህችን አስብልኝ፤ በግራህ ተቀምጦ፣ አንገቱን ወዳንተ ጠምዝዞ የሚጠብቅህ ማነው? የምትነግረውንስ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»